ሌሊት ብቻ የሚጠፋው ፍሪጅ

በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ መኪና ሦስት ባትሪ ገዛሁ። የሞተሩን አይደለም፤ ከኋላ ያለውን፣ ፍሪጁንና መብራቱን የሚይዘውን ማለቴ ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው አውራ ጣቴን የምታክል አንዲት ብሎን ሥር ነበር። ለማስተካከል አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት በቃ። ይህን የምጽፈው መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ባትሪ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ ነው። ደግሞም በዚህ ነገር አንድ ሰው በድያለሁና እሱን ሳልናገር ብተወው ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

መኪናችን ያገለገለች ቶዮታ ሃይስ ናት። የገዛናት ናይሮቢ ነው፣ ታርጋዋም የኬንያ ነው። ወንበሮቿን አውጥተን ከሹፌሩ ጀርባ የጣውላ አልጋ አሠራንባት። ከአልጋው ሥር የበርበሬና የሽሮ ኬሻ ይገባል፤ የኋላው በር ሲከፈት መደርደሪያው ሱቅ ይሆናል። ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን የሚነዱ ፈረንጆች ሞያሌ ላይ ሲያልፉ ሳታዩ አትቀሩም፤ መኪናቸው ቤታቸው ነው፣ ሞተርሆም ይሉታል። የእኛዋ የነዚያ ደሃ ዘመድ ናት። ከሞያሌ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና የሐበሻ ልብስ ጭነን፣ ማርሳቢት፣ ላይሳሚስ፣ ኢሲዮሎ ላይ እያቆምን እየሸጥን ናይሮቢ እንገባለን፤ ከኢስሊ ደግሞ ልብስና ጫማ ይዘን እንመለሳለን። መንገዱ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ያንን 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሞልቷል። እኛ ግን ገበያ ለገበያ ስለምንሄድ አራት ሌሊት እናድራለን።

ፍሪጁ ለለስላሳ መጠጥ አይደለም የተገዛው። ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የተጀመረው እንደ ዓይነቱ አራት ሳምንት ያህል ውጭ መቆየት ይችላል፤ ይህ ግን በመጠነኛ ሙቀት ነው እንጂ ላይሳሚስ ላይ በቀትር በተዘጋ መኪና ውስጥ አይደለም። በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ስለዚህ በእኛ ቤት "ፍሪጁ ጠፋ" ማለት ቀላል ወሬ አይደለም።

የኤሌክትሪኩን ሥራ የሠራልን አንድ ጋራዥ ነው። ከአልጋው ሥር 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አስቀመጠ፣ ጣሪያው ላይ 100 ዋት ሶላር ሰቀለ፣ ለሞባይልና ለትንሽ ነገር የሚሆን ኢንቨርተር አሰረ። ከሞተሩ ዲናሞ ደግሞ በሪሌ በኩል አንድ ሽቦ ወደ ኋላ ሳበ፤ ሞተሩ ሲነሣ የኋላው ባትሪም እንዲሞላ። ፍሪጁ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው። ሁሉም ነገር አማረ፣ ከፈልን፣ ሄድን።

ስምንት ወር ሠራ። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል፣ ፍሪጁ ጥ... ብሎ ለመነሣት ሞክሮ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሞከረ፣ ዝም አለ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የባትሪ ኃይል አነሰኝ ማለቷ ነው። ፍሪጁ በሞከረ ቁጥር ከራስጌያችን ያለው አምፖል ደብዘዝ ይላል። የሚገርመው ኢንቨርተሩ ደህና ነው፣ የባለቤቴ ስልክ እየሞላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፍሪጁ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራውን ጀመረ።

ጋራዥ ወሰድነው። ጋራዥ የሚከፈተው በቀን ነው፤ ያንን ያኔ አላሰብኩትም። ፍሪጁ እየሠራ አገኙት። ባትሪውን በመሣሪያ ፈተሹና "ደክሟል፣ ቀይሪው" አሉኝ። ቀየርኩ፣ 15,000 ሽልንግ ገደማ። አዲሱ ባትሪ እንደገባ ችግሩ ጠፋ፤ እኔም ልክ ነበሩ አልኩ። ሰባት ወር ቆይቶ ያው ሌሊት፣ ያቺው ቀይ መብራት። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ኢንቨርተሩ ደህና ሆኖ ፍሪጁ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ያረጀው ፍሪጁ ነው ብሎ አዲስ ፍሪጅ ሊሸጥልኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

በዚህ መሃል ነው ረዳታችን ላይ ዓይኔ ያረፈው። ከኢትዮጵያ ሞያሌ የመጣ ልጅ ነው፤ ሃያም አልሞላው። ጭነት ያወጣል፣ ይሸጣል፣ ማታ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። ላይሳሚስና ቱርቢ ስናድር የሬንዲሌና የገብራ እረኞች ስልካቸውን ይዘውለት ይመጣሉ፤ እነዚያን ባትሪ ያላቸውን ትንንሽ ስልኮች። በኢንቨርተሩ ይሞላላቸውና ሃያ ሃያ ሽልንግ ይቀበላል። ሳይነግረኝ ነበር የሚያደርገው። ሳውቅ ደሜ ፈላ። ባትሪዬን ገዳይ አገኘሁት ብዬ ደመደምኩ። ሦስተኛውን ባትሪ ስገዛ ከደመወዙ ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሺህ ቆረጥኩበት።

ልጁ አልጮኸም። "እትዬ፣ አንድም ስልክ ሳልሞላ ባደርኩበት ሌሊትም እኮ ጠፍቷል፤ ባለፈው ማርሳቢት ያደርን ጊዜ" ነበር ያለኝ። ምላስህን ሰብስብ አልኩት። ወሩ ሲያልቅ ማርሳቢት ላይ ወረደ፣ አልተመለሰም። እኔ የኮሜርስ ዲፕሎማ ያለኝ ሴት ነኝ፤ የሂሳብ ማስረጃ ምን እንደሆነ ተምሬያለሁ። ያ ልጅ ማስረጃ አመጣልኝ፣ እኔ ግን ያመጣውን ሰው አይቼ ማስረጃውን ጣልኩት።

ልጁ ከሄደ አምስት ወር እንኳ አልሞላም፣ ላይሳሚስ አድረን ሳለ ፍሪጁ ጠፋ። ስልክ የሚሞላ ሰው የለም። ውስጡ ሦስት ያልተከፈተ ብልቃጥ ኢንሱሊን አለ። ውስጡ ያስቀመጥኳትን ቴርሞሜትር ሳያት 19 ደርሳለች። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሣው፣ ፍሪጁም ወዲያው ተነሣ። እስኪነጋ ሞተሩን እያስነሣን እያጠፋን፣ እኛ ውጭ ጀሪካን ላይ ተቀምጠን አነጋን። ውጭ ተቀመጥን ያልኩት በምክንያት ነው፤ በሞተርም ሆነ በጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል፤ መኪና ውስጥ የምታድሩ ሁሉ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ጠዋት ኢሲዮሎ ገብተን አንዲት ፋርማሲስት ብልቃጦቹን ተቀብላ ፍሪጇ ውስጥ አስቀመጠችልን፤ "ከትናንት ጀምሮ እንደተከፈተ ቁጠሩት፣ ቀኑን ጻፉበት" አለችን። ባለቤቴ ቀኑን ሲጽፍ እጁን አየሁት። ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አላልኩትም።

የዚያን ቀን ሱቁን አልከፈትኩም። ደብተር አውጥቼ ባትሪውን እንደ ድርጅት ቆጠርኩት፤ ገቢና ወጪ። ወጪው ቀላል ነው። ፍሪጁ ሲሠራ አራት አምፔር ያህል ይበላል፤ በዚያ ሙቀት የቀኑን ግማሽ ይሠራል ብንል በ24 ሰዓት 48። መብራት 5። የእኛ ስልኮችና ትንሿ ማራገቢያ 7። ድምሩ 60 አምፔር ሰዓት። ወደ ገቢው ስመጣ፣ ሶላሩ በደህና ፀሐይ በቀን 25 ያህል ይሰጣል፤ ግን እኛ ስናቆም ጥላ እንፈልጋለን፣ ሶላሩ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ላዩ ላይም አቧራ አለ። ስለዚህ 15 ብዬ ጻፍኩ። ቀሪው ከሞተሩ መምጣት አለበት። በቀን አምስት ሰዓት እንነዳለን፤ ደህና የታሰረ ዲናሞ በሰዓት አሥር እንኳ ቢልክ 50 ነው። ገቢ 65፣ ወጪ 60። በመዝገቡ መሠረት እኔ ትርፋማ ነኝ። ባትሪው ግን በየጠዋቱ ባዶ ነው።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። መዝገብ ላይ ትርፍ፣ ካዝና ውስጥ ባዶ ከሆነ፣ ዱቤ የሸጥከውን እንደ ጥሬ ገንዘብ መዝግበሃል ማለት ነው። አንዱ የገቢ መስመር ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ያኔ አላወቅኩም።

ከዚያ የልጁን ስልኮች አሰላሁ። ለምን እንዳሰላሁ እንጃ፤ ምናልባት ጥፋተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ። እነዚያ ትንንሽ ስልኮች አንዱን ለመሙላት የሚባክነው ታክሎበት ግማሽ አምፔር ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። አሥር ስልክ፣ 5 አምፔር ሰዓት። ፍሪጁ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ብሎ ሲሠራ የሚበላው ማለት ነው። ደብተሩን ዘጋሁት።

ኢሲዮሎ ውስጥ የጭነት መኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ ተብዬ ሄድኩ። ቦረና ናቸው፣ በኦሮምኛ ነው ያወራነው። ስለ ባትሪው፣ ስለ ፍሪጁ፣ ስለ ጋራዦቹ ሁሉ ነገርኳቸው። ሁሉን ሰምተው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"መቼ ነው የሚጠፋው ልጄ?"

"ሌሊት።"

"መቼ ነው የለካችሁት?"

"ቀን።"

ሳቁ። "ማታ ተመለሺ" አሉኝ።

ማታ ስመለስ ፍሪጁንም መብራቱንም አስበሩኝ። "ነገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ሲሆን ነው እውነቱ የሚወጣው፤ የቆመ በሬ አያነክስም" አሉ። ከዚያ ቴስተራቸውን ባትሪው ራስ ላይ አደረጉ፤ 12.3። ጥሩ ነው። ፍሪጁ የሚሰካበት ቦታ ላይ አደረጉት፤ 10.7። ባትሪው 12.3 ይልካል፣ ፍሪጁ 10.7 ይቀበላል። መንገድ ላይ 1.6 ቮልት ይጠፋል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ላኪውን ስከስስ ኖሬያለሁ፤ መንገዱን ያየው የለም።

ቀጥሎ ያደረጉትን በደንብ አስተውሉት፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የፍሪጁ ፖዘቲቭ ላይ አደረጉ። ፖዘቲቭ ለፖዘቲቭ። ሽቦው ጤነኛ ቢሆን ዜሮ ገደማ ማሳየት ነበረበት፤ 0.2 አሳየ። ይህ ያልፋል። ከዚያ ኔጋቲቭ ለኔጋቲቭ፣ ከባትሪው እስከ ፍሪጁ፤ 1.4 አሳየ። "ሌባው በዚህ በኩል ነው" አሉ። የሠራልን ጋራዥ የፍሪጁን ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው አልሳበውም፤ ሽቦ ለመቆጠብ እዚያው አጠገቡ ከመኪናው ቦዲ ጋር አስሮታል። የመብራቱንም እንደዚያው። የባትሪው ኔጋቲቭ ደግሞ ከአልጋው ሥር በአንዲት ብሎን ከቦዲው ጋር ታስሯል። ስለዚህ የሁሉም መመለሻ በዚያች ብሎን በኩል ነው። ኢንቨርተሩ ብቻ ነው ሁለቱም ሽቦዎቹ በቀጥታ ባትሪው ላይ የታሰሩት፤ እሱ ሁልጊዜ ደህና የነበረውም ለዚህ ነው።

ሽማግሌው ብሎኗን በጣታቸው ነኩና "ንኪያት" አሉኝ። ትሞቃለች። ሲፈቷት ሥሩ ቀለም ነው፤ ጋራዡ ቀለሙን ሳይፍቅ በላዩ ላይ አስሮታል። መጀመሪያ ብሎኗ ስትገባ በጫረችው ጫፍ በኩል ብረት ለብረት ተገናኝቶ ሠራ። ከዚያ የመንገዱ መንቀጥቀጥ፣ አቧራው፣ ዝገቱ ያችን ጭረት ቀስ በቀስ በላት።

ለምን ሌሊት ብቻ እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ቀን ሶላሩ ባትሪውን ከ13 በላይ ያደርሰዋል፤ መንገድ ላይ አንድ ተኩል ቢጠፋም ለፍሪጁ ይበቃዋል። ሞተር ሲነሣም እንደዚያው። ሌሊት ባትሪው 12.2 ገደማ ሲወርድና ፍሪጁ ለመነሣት ለቅጽበት ከወትሮው እጥፍ ሲስብ፣ መንገድ ላይ የሚጠፋውም እጥፍ ይሆናል፤ ፍሪጁ ጋ ከ10 በታች ይደርሰዋል፣ ፍሪጁም ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል።

ባትሪዎቹስ ለምን ሞቱ? እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ሽማግሌው ሞተሩን አስነሡና ከፊት ለኩ፤ 14.2። የኋላውን ለኩ፤ 13.0። ከዲናሞ የሚመጣውም በዚያችው ብሎን ነው የሚያልፈው። አሥር ሊመጣ የሚገባው ሦስት ይመጣል። ያ ነው ውሸተኛው የገቢ መስመር። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሳይጠግብ ወራት ከኖረ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ነገር ይደርቅና የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪው ደክሟል ያሉኝ ጋራዦች አልዋሹኝም። ሬሳውን በትክክል አይተዋል፤ ገዳዩን የጠየቀ ግን አልነበረም። አዲስ ባትሪ በገባ ቁጥር ደግሞ ጉልበቱ ችግሩን ለጥቂት ወር ይሸፍነዋል፤ እኛም መድኃኒቱ ሠራ እንላለን።

ሽማግሌው ኔጋቲቩን ፈቱት፣ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ጥርስ ያላት ቀለበት ከሥሯ አድርገው ብሎኗን አጠበቋት፣ በላዩ ግሪስ ቀቡት። 1.4 የነበረው ወደ 0.1 ወረደ። 500 ሽልንግ ጠየቁኝ። ከፈልኩና እንደገና ከፈልኩ፤ ሁለተኛውን አልቀበልም ብለው ሲከራከሩኝ መቀመጫቸው ላይ ጥዬው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የራሴን ቴስተር ገዛሁ፤ ርካሹ ከአንድ ሺህ ሽልንግ በታች ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ምን ያህል ሲል ነው ጥሩ የሚባለው ነው። ባትሪው ሳይሞላም ሳይሠራም ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ካለ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ እጠብቀዋለሁ፣ በየሌሊቱ እስከ መጨረሻ የሚጠጣ ባትሪ ዕድሜ የለውም። ሞተር ሲነሣ የኋላው ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው መሃል መሆን አለበት። ሞተሩ ተነሥቶም ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሪሌው ወይም ፊውዙ ነው፤ ከተነቃነቀ ግን ሰዓታት ነድታችሁም 13 ላይ ከቀረ እንደ እኔ መንገዱን ፈትሹ። ይህ ፖዘቲቭ ለፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ለኔጋቲቭ የሚለካው ነገር ዕቃው እየሠራ ካልሆነ ምንም አያሳይም፤ ፍሪጁን አጥፍታችሁ ብትለኩ ዜሮ አይታችሁ ትሸወዳላችሁ።

የሽቦ ውፍረት ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ "ቤቴ ውስጥ በዚህ ሽቦ ስንት ነገር ይሠራ የለም ወይ" ይላል። ቤት ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው። ያንኑ ዋት በ12 ቮልት ለማግኘት አምፔሩ 18 እጥፍ ይሆናል። ባትሪው ከፍሪጁ አምስት ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው አሥር ሜትር ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ስምንት አምፔር ሲያልፍ አንድ ቮልት ያህል እዚያው ሽቦው ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሩብ ቮልት ብቻ ነው። እኔ በኋላ ለፍሪጁ ሁለቱንም ሽቦ በ6 ካሬ እስከ ባትሪው ድረስ አስሳብኩ፤ ቦዲውን ከነአካቴው ተውኩት። ሽቦው ውድ ነበር፣ ግን የአንድ ባትሪ ሩብ እንኳ አይሆንም።

እናንተው ራሳችሁ ስትሠሩ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ መጨረሻ ላይ እሱን እሰሩ። እህቶቼ፣ ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ወርቅ ቀለበት በፖዘቲቩና በመኪናው ቦዲ መሃል ከገባ ጣት እስኪያቃጥል ይግላል። ባትሪው ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ ይቀጣጠላልና አጠገቡ ክብሪትም ሲጋራም አይቅረብ። ፊውዝ ተቃጥሎ በቦታው ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት የሚያስገባ ሰው ካያችሁ መኪናውን ከእናንተ ራቅ አድርጎ እንዲያቆም ንገሩት፤ ጣውላና ፍራሽ የሞላበት መኪና ለመንደድ ብዙ አይለምንም።

ልጁን ለመደወል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቁጥሩ ነበረኝ፤ ያጣሁት ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ስድስቱን ሺህ በኤም-ፔሳ ላክሁ፣ ከዚያ ደወልኩ። አሁን በማርሳቢትና በሞያሌ መሃል የሚሠራ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኗል። ገንዘቡ እንደደረሰው ሳይሆን መጀመሪያ የጠየቀኝ "ጋሼ ደህና ናቸው? መድኃኒታቸው አልተበላሸም?" ብሎ ነው። ደህና ነው አልኩት። ስለ ብሎኗ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሽማግሌው ነገርኩት። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፤ "ኧረ እትዬ" ብሎ ዝም አለ። ተመልሰህ ና አልኩት። አሁን ያለሁበት ደህና ነው አለኝ፤ አልገፋሁትም።

ልሰናበተው ስል፣ "ብሎኗ የትኛዋ ነበረች? ከፍራሼ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ያለችው?" አለኝ።

"አዎ፣ እሷ ናት።"

"እሷማ ትሞቅ ነበር እኮ። ማርሳቢት ብርድ ሲሆን እግሬን እሷ ላይ ነበር የማሳርፈው።"